በማን ተሠራ? በማን ተወሰደ? ፓሲቭ ቮይስን ከሙዚየም መማር



ልጅ ባለበት ቤት ውስጥ ብርጭቆ የሚሰብር ሰው የለም፤ ብርጭቆ ግን ይሰበራል። ከሳሎን ድምፅ ተሰምቶ እናት ከማድ ቤት «ምን ሆነ?» ብትል መልሱ «ተሰበረ» ነው። «ማን ሰበረው?» ብላ ብትደግም «ወድቆ ተሰበረ» ይባላል። ማሩ ተቀንሶ ይገኛል፣ ደብተሩ ተቀዶ ይገኛል፣ የጎረቤት መስኮት በኳስ ተመትቶ ይገኛል፤ አድራጊ የሚባል ፍጡር ግን በቤቱ የለም። የአራት ዓመት ሕፃን ማንም ሳያስተምረው ተደራጊውን ግስ ከአድራጊው ለይቶ፣ መቼ የትኛው እንደሚጠቅመው ዐውቆ ይናገራል።

ታዲያ ይኸው ልጅ አድጎ «ፓሲቭ ቮይስ» የሚባለው የእንግሊዝኛ ትምህርት ሲመጣበት ለምን ይጨነቃል? ይህን ጥያቄ እንዳነሣ ያደረገችኝ የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ትልቋ ልጄ ናት። ፈተናዋ ተመልሶላት ስታሳየኝ፣ ወደ ፓሲቭ እንድትለውጣቸው ከተሰጧት 20 ዐረፍተ ነገሮች የተስተካከሉት 7 ብቻ ነበሩ። ወረቀቱን አንብቤ ልጄን ለመቆጣት አንደበቴ እንቢ አለኝ። «ጆን ኬክ በላ» የሚለውን «ኬኩ በጆን ተበላ» በይ ይላል ጥያቄው። «ሜሪ መስኮት ከፈተች» የሚለውን ደግሞ «መስኮቱ በሜሪ ተከፈተ» በይ። እስቲ አስቡት፣ በየትኛው አገር፣ በየትኛው ቋንቋ ነው ሰው እንዲህ የሚናገረው? ልጄም «አባዬ፣ ጆን በላ ማለት እየተቻለ ለምን ይገለበጣል?» አለችኝ። ትክክል ናት። ፓሲቭ ዐረፍተ ነገርን የመገልበጥ ጨዋታ ሆኖ ከቀረበ ጥቅሙ አይታይም፤ ጥቅሙ ያልታየ ነገር ደግሞ ከፈተናው ማግስት ይረሳል።

ተደራጊ ግስ በገዛ ቤቱ የሚኖርበት ቦታ አለ። እርሱም ሙዚየም ነው። በሙዚየም ዕቃው ፊታችን ቆሟል፤ የሠራው፣ የጻፈው፣ የሸመነው ሰው ግን ካለፈ መቶ ወይም ሺህ ዓመት ሆኖታል። ስለዚህ ወሬው የሚጀምረው ከዕቃው ነው፤ ተሠራ፣ ተጻፈ፣ ተገኘ፣ ተጠገነ፣ ተወሰደ። በመስተዋቱ ሥር የምትለጠፈውን ትንሽ መግለጫ፣ እንግሊዞቹ «ሌብል» የሚሏትን፣ ያነበበ ሰው ፓሲቭ ለምን እንደተፈጠረ ይገባዋል። እኔና ልጄም ክረምቱን በዚህ መንገድ አሳለፍነው። ከዚህ በታች እንግሊዝኛውን በራሳችን ፊደል የጻፍኩት እንግሊዝኛ ያልተማሩ እናቶችና አባቶችም ከልጆቻቸው ጋር አብረው እንዲከታተሉ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ሕጉን እንይ። በአማርኛችን «ሠራ» ከሚለው ፊት «ተ» ስናስቀድም «ተሠራ» ይሆናል። ጻፈ ተጻፈ፣ ሸመነ ተሸመነ፣ ሸጠ ተሸጠ። እንግሊዝኛ ይህች «ተ» የለችውም። በእርሷ ፈንታ ሁለት ነገር ያመጣል። አንደኛው ጊዜውንና ቁጥሩን የሚናገረው የ«ቢ» ቤተሰብ ነው፤ ኢዝ፣ አር፣ ዋዝ፣ ዌር። ሁለተኛው ተማሪዎች «ቪ ስሪ» የሚሉት ሦስተኛው የግስ መልክ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ «ዋዝ ሜድ» ይሆናል፤ ተሠራ ማለት ነው። ብዙ ዕቃ ከሆነ «ዌር ሜድ»፣ ተሠሩ። ልጆቻችን አብዝተው የሚስቱት የመጀመሪያውን ቃል መጣል ነው። «ዘ ካርፔት ሜድ ኢን ኢራን» ብሎ የጻፈ ተማሪ «ስጋጃው ኢራን ውስጥ ሠራ» ማለቱ ነው። ስጋጃው ምን ሠራ? ቤት? ወንበር? «ዋዝ» ስትገባ ብቻ ነው ስጋጃው የሚሠራው ሳይሆን የተሠራው የሚሆነው።

ሦስተኛው መልክ መሸምደድ አለበት፤ አቋራጭ የለውም። ነገር ግን ሦስት መቶ ግስ ከመሸምደድ የሙዚየሙን ጥቂት ግሶች መያዝ ይቀላል። ሜክ፣ ሜድ፣ ሜድ። ራይት፣ ሮት፣ ሪተን። ዊቭ፣ ዎቭ፣ ዎቨን፤ ይህ ሸመነ የሚለው ነው። ጊቭ፣ ጌቭ፣ ጊቨን። ቴክ፣ ቱክ፣ ቴከን። ስቲል፣ ስቶል፣ ስቶለን፤ ሰረቀ። ከእነዚህ በቀር አብዛኞቹ መጨረሻቸው ላይ «ድ» ወይም «ት» የምትጨመርባቸው ገሮች ናቸው፤ ፔይንትድ ቀለም ተቀባ፣ ካርቭድ ከእንጨት ወይም ከድንጋይ ተፈልፍሎ ተቀረጸ፣ ሳይንድ ተፈረመበት፣ ዲስፕሌይድ ለእይታ ቀረበ።

ይሁንና «ተ» ባየን ቁጥር ፓሲቭ ነው ብለን እንዳንወድቅ። አማርኛችን እዚህ ላይ ወጥመድ አለው። «ተማርኩ» ብሎ የሚያስብ ልጅ «አይ ዋዝ ለርንድ» ብሎ ይጽፋል፤ ትክክሉ ግን ያለ «ዋዝ» «አይ ለርንድ» ነው። ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ ተቀበለ፣ ተጓዘ፤ እነዚህ ሁሉ ፊታቸው ላይ «ተ» ቢኖርም በእንግሊዝኛ አድራጊ ናቸው። በተቃራኒው «ተወለድኩ» በሁለቱም ቋንቋ ተደራጊ ነው፤ «አይ ዋዝ ቦርን»። ማንም ራሱን አይወልድምና። «ሞተ» ግን ፓሲቭ አይሆንም። «ሂ ዋዝ ዳይድ» የሚለውን በስንት የተማሪ ወረቀት ላይ እንዳየሁት አልቆጥረውም።

አሁን ወደ ሙዚየሙ እንግባ። ለንደን በሚገኘው ብሪቲሽ ሙዚየም አንድ የናስ ማንቆርቆሪያ አለ፤ ቀድሞ ከነበረበት የፈረንሳዊ መስፍን ስብስብ በመነሣት የብላካስ ማንቆርቆሪያ ይባላል። ሙዚየሙ ስብስቡን የገዛው እ.ኤ.አ. በ1866 ነው። ማንቆርቆሪያው ላይ የሰውና የእንስሳ ምስል ስላለበት «እኔስ ቤቴ አላስገባውም» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። እኛ የምንፈልገው ግን አንገቱ ላይ ያለውን የዐረብኛ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ያስጌጠው የሞሱሉ ሹጃዕ ኢብን መንዓ እንደሆነና ሥራው በሞሱል፣ በረጀብ ወር በ629 ዓመተ ሂጅራ እንደተሠራ ይናገራል፤ ይህም እ.ኤ.አ. 1232 መሆኑ ነው። ናሱ እየተፈለፈለ ብርና መዳብ ተከትቶበታል። እንዲህ ያለውን ጥበብ እንግሊዞቹ «ኢንሌይድ» ይሉታል።

ይህችን ማንቆርቆሪያ የመረጥኳት ለአንዲት ፊደል ስል ነው። በአማርኛ እንዲህ እንበል፤ «ማንቆርቆሪያው በሹጃዕ፣ በብርና በመዳብ፣ በሞሱል፣ በ1232 አጌጠ።» ያቺ «በ» ያለ ድካም ሁሉንም ሥራ ትሠራለች። ሠሪውን ትናገራለች፣ ማስጌጫውን ትናገራለች፣ ቦታውንም ዓመቱንም ትናገራለች። በእንግሊዝኛ ግን እያንዳንዱ የራሱ በር አለው፤ «ዘ ጃግ ዋዝ ኢንሌይድ ባይ ሹጃዕ ዊዝ ሲልቨር ኤንድ ኮፐር ኢን ሞሱል ኢን 1232»። ሠሪው በ«ባይ» ይገባል፤ ማስጌጫውና መሣሪያው በ«ዊዝ»፤ ቦታውና ዓመቱ በ«ኢን»። ዕቃው ራሱ የተሠራበት ነገር ደግሞ በ«ኦፍ» ነው፤ «ሜድ ኦፍ ብራስ»፣ ከናስ የተሠራ። ልጄ «የሞሱሉ ሹጃዕ በብር ተተካ!» ብላ የሳቀችው «ባይ ሲልቨር» ብላ የጻፈችውን ራሷ ስታርመው ነው። «ባይ ሲልቨር» ከተባለ ብሩ ተነሥቶ ማንቆርቆሪያውን አስጌጠው ማለት ነውና። አንድ አመፀኛ አለ፤ «በእጅ» ሲባል እጅ መሣሪያ ስለሆነ በ«ዊዝ» ይገባል ብላችሁ ብትጠብቁም የተለመደው «ሜድ ባይ ሃንድ» ነው።

ስማቸውን በሥራቸው ላይ ያሰፈሩ የእስልምናው ዓለም ብረት ሠሪዎች ብዙዎች ናቸው። በፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ያለውንና በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በመምሉኮች ዘመን የተሠራውን ትልቅ የናስ ገበታ የሠራው ሙሐመድ ኢብን አል ዘይን ስሙን ስድስት ቦታ ጽፎበታል። በእንግሊዝኛ «ኢት ዋዝ ሳይንድ ሲክስ ታይምስ» ይባላል። የዕቃው መጠሪያ ግን የቅዱስ ሉዊ የጥምቀት ገበታ ነው! የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 9ኛ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1270 በመሆኑ ገበታው ሲሠራ እርሱ አልነበረም። ነገር ግን ገበታው ወደ ፈረንሳይ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1606 ሉዊ 13ኛ ተጠምቆበታል። «ኢት ዋዝ ሜድ ባይ ሙሐመድ»፣ «ኢት ዋዝ ዩዝድ ኢን ፍራንስ»፣ «ኢት ኢዝ ኮልድ» እንዲህና እንዲህ። ተሠራ፣ አገለገለ፣ ይባላል። ሦስት ፓሲቭ፣ ሦስት የተለያየ ባለቤት።

ከዚህ ቀጥሎ ልጄ እስከ ዛሬ የምትስቅበት ስሕተት አለ። «ፋይንድ» ማለት አገኘ፣ ሦስተኛው መልኩ «ፋውንድ» ነው። «ፋውንድ» የሚባል ሌላ ራሱን የቻለ ግስ ደግሞ አለ፤ መሠረተ፣ አቋቋመ ማለት ነው፤ የእርሱ ሦስተኛ መልክ «ፋውንድድ» ነው። ብሪቲሽ ሙዚየም «ዋዝ ፋውንድድ ኢን 1753»፣ ተመሠረተ። በብሔራዊ ሙዚየማችን የምናውቃት ሉሲ ወይም ድንቅነሽ ግን አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ «ዋዝ ፋውንድ ኢን 1974»፣ ተገኘች። አንዲት «ድ» ብትጨመር ሉሲ በ1974 በማኅበር ደንብ የተቋቋመች ድርጅት ትሆናለች። ብሪቲሽ ሙዚየምም «ድ»ዋን ካጣ አንድ እረኛ በጎቹን ሲጠብቅ ያገኘው ሕንፃ ይሆናል።

ጊዜዎቹን ለማስተማር ደግሞ የካይሮውን የእስልምና ጥበብ ሙዚየም ወሰድን። ሕንፃው የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1903 ነው። በውስጡ ካሉት ሀብቶች መካከል በመምሉኮች ዘመን ሱልጣኖችና አሚሮች ለመስጊዶች ያሠሯቸው የመስተዋት ፋኖሶች ይገኛሉ። ከእነዚህ ፋኖሶች በብዙዎቹ ላይ ከሱረቱ አን ኑር፣ አላህ የሰማያትና የምድር ብርሃን ስለመሆኑ የምትናገረው አያ ተጽፋለች፤ ፋኖሱ ሲበራ ጽሑፉ አብሮ ያበራል። እ.ኤ.አ. ጥር 24 ቀን 2014 ከሙዚየሙ ትይዩ ባለው የፖሊስ መምሪያ ላይ ያነጣጠረ በመኪና የተጠመደ ፈንጂ ፈነዳ። የሙዚየሙ ፊት ፈረሰ፣ ጣሪያው ወደቀ፣ ብዙ መስተዋት ደቀቀ። ሙዚየሙ ተጠግኖ ለሕዝብ የተከፈተው በጥር 2017 ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የአንዲትን ፋኖስ ሕይወት ተከተሉ። በ2014 «ዘ ላምፕ ዋዝ ብሮክን»፣ ተሰበረች። ባለሙያዎች ስብርባሪዋን ለቅመው ሲገጣጥሙ «ዘ ላምፕ ዋዝ ቢኢንግ ሪስቶርድ»፣ በመታደስ ላይ ነበረች። ሥራው ካለቀ በኋላ «ዘ ላምፕ ሃዝ ቢን ሪስቶርድ»፣ ታድሳለች። ዛሬ «ዘ ላምፕ ኢዝ ዲስፕሌይድ»፣ ለእይታ ቀርባለች። ነገ ወደ ሌላ አገር ለኤግዚቢሽን ብትሄድ «ዊል ቢ ሌንት»፣ በውሰት ትሰጣለች። እስቲ አስተውሉ፣ «ሪስቶርድ» የሚለው ቃል ከቦታው አልተነቃነቀም። ጊዜ በተለወጠ ቁጥር የተለዋወጠው ፊቱ ያለው የ«ቢ» ቤተሰብ ብቻ ነው። ይህን ያየ ልጅ የጊዜ ሰንጠረዡን ከመጽሐፉ ጀርባ ባይሸመድድም ይዘልቃል።

እስካሁን ያልነው ለፈተና ይበቃል። ልጄ ግን አንድ ማታ ሌላ ጥያቄ አመጣች። «አባዬ፣ ‹ባይ› ከሌለስ?» አለችኝ። በፈተናዋ ላይ አድራጊው ከተዘለለ ነጥብ ይቀነስ ነበር፤ በሙዚየም መግለጫዎች ላይ ግን አድራጊው ከአሥሩ በዘጠኙ የለም። ለምን?

አንዳንዴ በእውነት ስለማይታወቅ ነው። የሸክላ ድስት የሠራችው እናት ስሟን አትጽፍም። የሐረር ስፌት የሰፋችውም እንዲሁ። ስሟ ጠፍቶ ሥራዋ ቀርቷል፤ እዚህ ላይ «ዋዝ ሜድ» ብሎ ማቆም እውነትን መናገር ነው። አንዳንዴ ደግሞ አድራጊው ግልጽ ስለሆነ አያስፈልግም፤ «ሙዚየሙ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይዘጋል» ሲባል ማን ይዘጋዋል ብሎ የሚጨነቅ የለም። ሦስተኛው ምክንያት ግን ያው በብርጭቆው ላይ ያየነው ነው።

በለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለውን የአርደቢል ስጋጃ ውሰዱ። በሰሜን ምዕራብ ኢራን፣ በአርደቢል ከተማ፣ በሸኽ ሰፊ አድ ዲን መካነ መቃብር የነበረ ነው። ርዝመቱ ከ10 ሜትር ያልፋል፣ ወርዱ ከ5 ሜትር በላይ ነው፤ 26 ሚሊዮን ያህል ቋጠሮ እንዳለው ይገመታል። ዳር ላይ የመቅሱድ ካሻኒ ስምና 946 ዓመተ ሂጅራ ተሸምኖበታል። እ.ኤ.አ. በ1893 በ2,000 ፓውንድ ለሙዚየሙ ተገዛ። ከ2006 ጀምሮ በእስልምና ጥበብ አዳራሽ መካከል፣ ወለል ላይ በመስተዋት ቤት ውስጥ ተዘርግቶ ይታያል።

ስጋጃው ሲሸጥ ሙሉ ነበር። አርጅቶና ተበልቶ ነበርና «ኢት ዋዝ ሪፔርድ»፣ ተጠገነ። ጥሩ ነው። በምን ተጠገነ? እዚህ ላይ ያቺ «ዊዝ» ትመጣለች። በመካነ መቃብሩ የነበሩት መንትያ ስጋጃዎች ሁለት ናቸው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ አንደኛውን ሙሉ አድርጎ ለመሸጥ ሲባል ሁለተኛው ተቆረጠ፤ ቁራጩም የመጀመሪያውን ቀዳዳ ደፈነ። የተቆረጠው ስጋጃ ዳርቻውን አጥቶ፣ አጥሮና ጠቦ በሌላ መንገድ ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ባለጸጋው ፖል ጌቲ ለሎስ አንጀለስ ካውንቲ ሙዚየም ሰጠውና ዛሬም እዚያው ይገኛል። እንግዲህ «ተጠገነ» የምትለዋን ቃል ስትገልጧት ከሥሯ «ተቆረጠ» የምትል ሌላ ቃል ተኝታ ታገኛላችሁ። ሁለቱም ፓሲቭ ናቸው፤ ሁለቱም ያለ «ባይ» ናቸው። ልጄ ይህን ስነግራት ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ «ታዲያ የትኛው ነው አርደቢል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ዕቃ ወደ ሙዚየም የሚገባባቸውን ግሶችም በዚሁ ዓይን ተመለከትናቸው። «ቦት» ተገዛ። «ጊቨን» ወይም «ዶኔትድ» ተሰጠ፣ ተለገሰ። «ሌንት» በውሰት ተሰጠ። «ቴከን» ተወሰደ። «ሉትድ» ተዘረፈ። ከእነዚህ ሁሉ መካከል አንድ ለስላሳ ቃል አለ፤ «አክዋየርድ»። እጅ ገባ እንደ ማለት ነው። ዕቃው ቢገዛም እጅ ገብቷል፣ ቢሰጥም እጅ ገብቷል፣ ቢዘረፍም እጅ ገብቷል። ቃሉ ውሸት አይደለም፤ የሚጎድለው ነገር ግን ብዙ ነው።

ይህ ለእኛ የሩቅ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ከያዘ በኋላ ከምሽጉ የወጣው ዘውድ፣ መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት ደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ተሸጠ። የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው የሆነው ሪቻርድ ሆምስም ከዘመቻው ጋር መጥቶ ስለነበር ለሙዚየሙ ገዝቷል። እንግዲህ የሙዚየሙ መዝገብ «ተገዛ» ቢል ውሸት ሊሆን ነው? ተገዝቷል። ከመገዛቱ በፊት ያለውን ቀን ግን «ተገዛ» አይናገርም። የአፄ ቴዎድሮስ የጸጉር ዘለላ ለንደን ካለው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ወጥቶ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 ለኢትዮጵያ ተሰጥቷል፤ ለዚህ የሚሆነው ግስ «ዋዝ ሪተርንድ»፣ ተመለሰ ነው። ልጄ ይህን ቃል በደብተሯ ላይ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ሐረር ለመሄድ ዕድል ያላችሁ፣ አቶ ዐብዱላሂ ዐሊ ሸሪፍ በግል ጥረታቸው ሰብስበው ያቋቋሙትንና ራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንፃ ያለውን ሙዚየም ለልጆቻችሁ አሳዩ። ሰውዬው የሐረርን የእጅ ጽሑፎች፣ ሳንቲሞች፣ ጌጣ ጌጦችና የድምፅ ቅጂዎች ከመጥፋት ያዳኑ ናቸው። እዚህ ላይ «በማን ተሰበሰበ?» ለሚለው መልሱ ሰው ሆኖ ይገኛል። በሐረር የተጻፉ ቁርአኖች ከአገር ርቀው በታላላቅ ስብስቦች ውስጥም አሉ፤ በለንደኑ የኸሊሊ ስብስብ ያለው ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1749 የሆነ የሐረር ሙስሐፍ አንዱ ነው። በዶሃ የምትኖሩ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 በተከፈተው የእስልምና ጥበብ ሙዚየም ከልጆቻችሁ ጋር በእግራችሁ ዞራችሁ መግለጫዎቹን በዐረብኛም በእንግሊዝኛም ማንበብ ትችላላችሁ።

የትም መሄድ ያልቻለ ቤቱን ሙዚየም ያድርግ። እኛ እንዲሁ ነው ያደረግነው። ልጄ ከወረቀት ትንንሽ ካርዶች ቆርጣ በየዕቃው ሥር መግለጫ ማስቀመጥ ጀመረች። ጀበናው ሥር «ሜድ ኦፍ ክሌይ»፣ ከሸክላ የተሠራ። ታናሽ ወንድሟ ቁርአን የሚቀራበት ሎሕ ሥር «ዘ ሎሕ ኢዝ ዎሽድ ኤቭሪ ዊክ»፣ በየሳምንቱ ይታጠባል። ወንድሟ «በማን ይታጠባል? በእኔ ነው!» ብሎ ተቆጣና «ባይ» አስጨመራት። አጎቷ ከሐጅ ያመጣላት መስገጃ ሥር «ኢት ዋዝ ብሮት ፍሮም መካ» ብላ ጻፈች፣ ከመካ መጣ። ደስ እያላት ገልብጣ ስታየው ጀርባው ላይ «ሜድ ኢን ቻይና» ይላል። እናቷ እስከ ዙህር ድረስ ሳቀች። በዓለም ላይ ከሁሉ ይበልጥ የተነበበው ፓሲቭ ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ «ዋዝ» እንኳ ተጥላ ሦስት ቃል ብቻ ቀርታለች።

ከዚያ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄደች። በቁም ሣጥኑ ላይኛው መደርደሪያ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ የተቀመጠ የአያቴ ኪታብ አለ። አያቴ በወሎ ገጠር በሸኾቻቸው ዘንድ ሲቀሩ ከጥላሸት በተበጠበጠ ቀለም በገዛ እጃቸው የገለበጡት ነው። ልጄ ጨርቁን ፈትታ፣ እጇን ታጥባ፣ ቅጠሉን አንድ በአንድ ቆጠረች። ከመካከል ዐሥራ አንድ ቅጠል የለም። የጎደለው ከሌላው ይልቅ በቀይ ቀለም ያጌጠው ክፍል ነው። በቤተሰባችን ስለዚህ ሲነሣ የምንለው አንድ ቃል ነበር፤ «ጠፋ»። አባቴም «ጠፋ» ሲሉ ኖረው አለፉ፤ አላህ ይዘንላቸው። እናቴም ዛሬ ድረስ «ጠፋ» ይላሉ።

ልጄ ካርዱን ጻፈች፤ «ዚስ ኪታብ ዋዝ ሪተን ባይ ማይ ግሬት ግራንድፋዘር። ኢት ዋዝ ሪተን ባይ ሃንድ። ኢለቨን ሊቭስ ዌር ሎስት።» በአያት ቅድመ አያቴ ተጻፈ፤ በእጅ ተጻፈ፤ ዐሥራ አንድ ቅጠሎች ጠፉ። አመጣችና «አባዬ፣ ልክ ነው?» አለችኝ።

ሰዋስዉ ልክ ነው። አልኳትም። ካርዱን ግን መልሼ ልሰጣት አልቻልኩም። የኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ አሮጌ ዕቃ እየዞረ የሚገዛ አንድ ሰው ነበር። አባቴ ለሥራ ወደ ክፍለ ሀገር በወጡበት ሳምንት ኪታቡን አሳየሁት። «መካከሉ ይበቃኛል» አለኝ። በ60 ብር ሰጠሁት። በገንዘቡ ጫማ ገዛሁበት። አባቴ ሲመለሱ ቅጠሉ መጉደሉን አይተው ሲጠይቁ «ምን እንደሆነ እንጃ፣ ጠፋ» አልኩ፤ ቃሉም ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤቱ ቀረ።

ይህን ለልጄ በአማርኛ ነገርኳት። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ካርዱን ተቀብላ «ሎስት» የሚለውን ሰረዘችና በላዩ «ሶልድ» ብላ ጻፈች፤ ተሸጡ። ከዚያ እስክሪብቶዋን አንሥታ ቆየች። «ባይ ልጨምር ወይስ ይቅር?» አለችኝ።

እስክሪብቶውን ተቀብዬ የመጨረሻዎቹን ሦስት ቃላት ራሴ ጻፍኳቸው። ካርዱ ከኪታቡ ጋር በነጩ ጨርቅ ውስጥ ነው። በሚቀጥለው ጁሙዓ እናቴ ከደሴ ይመጣሉ፤ ልጄ ልታነብላቸው ተዘጋጅታለች፣ ወደ አማርኛ የምመልሰው ግን እኔ ነኝ።